ቀዶ ሐኪም መቀስቀስ

አልትራሳውንድ ሲባል በእኛ አገር መጀመሪያ የሚታወሰው እርግዝና ነው። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ አንድ ጎልማሳ ጭኑ ላይ ጄል ቀብቼ ፕሮቡን ሳሳርፍበት «ምነው ዶክተር፣ መንታ ነው እንዴ?» ብሎ አስቆኛል። አንዲት እናት ደግሞ የልጇን ክንድ ሳይ «እጁ ውስጥ ደግሞ ምን ልታገኝ ነው?» ብላ በጥርጣሬ ተመልክታኛለች። አልፈርድባቸውም። እኔ ስማር ማሽኑ የራዲዮሎጂ ክፍል ንብረት ነበር፤ ወረቀት ተጽፎ፣ ወረፋ ተጠብቆ፣ ውጤቱ በፖስታ ታሽጎ የሚመጣ። ሐኪሙ ራሱ አልጋ ዳር ቆሞ፣ በገዛ ዓይኑ አይቶ እዚያው መወሰን የሚችልበት ነገር ወደ እኛ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ2010 የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና በጥቁር አንበሳ ተጀምሮ፣ ከዚያ የወጡት ሐኪሞች ወደየሆስፒታሉ መሄድ ከጀመሩ በኋላ ነው።

ይህ ማሽን ስለ ሕሙማን ብዙ አሳይቶኛል። ስለ ራሴ ያሳየኝ ግን አንድ ነገር ነው፤ ፈሪ መሆኔን። ደም አልፈራም፤ የሚጮኽ አስታማሚም አያስደነግጠኝም። የምፈራው በውድቅት ሌሊት ስልክ አንሥቼ የተኛ ቀዶ ሐኪም መቀስቀስ ነው። «ምን አግኝተህ ነው?» ይለኛል፤ እኔ ደግሞ ልቤ ከነገረኝ በቀር የምመልሰው የለኝም። ጠዋት ራውንድ ላይ «ማታ ለብጉንጅ የቀሰቀሰኝ ልጅ» ተብሎ መሳቂያ መሆን አለ። ይሉኝታ ያደግንበት ነገር ነው፤ ጋውን ስንለብስ አብሮን ይለብሳል። እንዲህ ያለ ይሉኝታ ሰው የሚገድልባቸው በሽታዎች ደግሞ አሉ።

የቆዳ ኢንፌክሽን በየቀኑ እናያለን። ብጉንጅ አለ፣ እባጭ አለ፣ እግር ላይ የሚወጣ ቅላትና እብጠት አለ። አብዛኛው በኪኒን ወይም በመርፌ ይድናል፤ መግል የቋጠረው ተቀዶ ይፈስሳል። በመሃል ግን አልፎ አልፎ አንድ የተለየ ይመጣል። እኛ ኔክሮታይዚንግ ፋሺያይትስ እንለዋለን፤ ጋዜጦች «ሥጋ በል ባክቴሪያ» ይሉታል። መንገዱ ፋሺያ ነው። ሥጋ ቤት ቆሞ ቁርጥ ያስመዘነ ሰው ፋሺያን ያውቀዋል፤ ባለሥጋው በቢላዋው ጫፍ እየገፈፈ የሚጥለው፣ ጡንቻውን የሸፈነው ነጭ ስስ ልባስ ነው። ባክቴሪያው ይህን ልባስ ተከትሎ ሲሄድ የሚያቆመው ነገር የለም። በጎዳናው ያሉት ትንንሽ የደም ሥሮች በረጋ ደም ይዘጋሉ፤ ከላያቸው ያለው ስብና ቆዳ ደም ያጣና ይሞታል። ቆዳው የሚጠቁረውና ውሃ የሚቋጥረው መጨረሻ ላይ ነው። ከሥር ያለው ጥፋት ከላይ ከሚታየው በብዙ ይቀድማል፤ ሐኪም የሚታለለውም እዚህ ላይ ነው።

መድኃኒቱ ቢላዋ ነው። ፍራንክ ሜሌኒ የተባለ አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1924 ቤይጂንግ ውስጥ ስላያቸው 20 ሕሙማን ሲጽፍ ፔኒሲሊን ገና አልተገኘም ነበር፤ ያን ጊዜም የሚታመንበት ቶሎ መቅደድ ነበር። ዛሬ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ የሚመቱ መድኃኒቶች አሉን። ባክቴሪያው መርዝ እንዳያመርት የሚያደርገው ክሊንዳማይሲንም አለን። ይሁንና ደም ወደማይደርስበት ሥጋ መድኃኒትም አይደርስም። የሞተው ካልወጣ፣ ከሥሩ ያለው ይከተላል። ቀዶ ሕክምናው በመጀመሪያው ቀን ካልተደረገ ሞት እንደሚጨምር በተደጋጋሚ ታይቷል። በደንብ በተደራጁ ሆስፒታሎች እንኳ ከ5 ታማሚዎች ቢያንስ 1 ያህሉ የሚሞትበት በሽታ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ሁሉ ወደ ሰዓት ይመለሳል፤ ማን ቶሎ ጠረጠረ? ማንስ ስልኩን ቶሎ አነሣ?

አንድ ግንበኛ ነበሩ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት አካባቢ ባለቤታቸው ደግፈዋቸው መጡ። ከቀናት በፊት ፌሮ ቀኝ ባታቸውን ጫር አድርጎት ነበር፤ ጭረቱ ደርቋል። እግሩ አብጧል፤ ግን የከፋ እብጠት አይደለም። ቆዳው ትንሽ ያብረቀርቃል። ትኩሳት የላቸውም፤ ግፊታቸውም ደህና ነው። ትሪያጅ ላይ የነበረው ብራዘር ከባድ አይደለም ብሎ ወንበር ላይ አስቀምጧቸዋል፤ እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የማደርገው። ግሉኮሜትሩ ግን ከ300 በላይ አነበበ። ስኳር እንዳለባቸው ያወቁት ያን ሌሊት ነው።

ጋቢያቸውን ተከናንበው ዝም ብለው ተቀምጠዋል። «ጋሼ፣ በጣም ያምዎታል?» ስላቸው «ደህና ነው፣ ይመስገን» አሉኝ። ባለቤታቸው ግን ወደ ጎን ወሰዱኝ። «ዶክተር፣ ይሄ ሰው ከመወጣጫ እንጨት ወድቆ እጁ ሲሰበር እንኳ ትንፍሽ አላለም። ትናንት ማታ ግን ‹የእናቴ ያለህ› ሲል አደረ። እኔ እንዲህ ሲሆን አይቼው አላውቅም» አሉኝ። ተመልሼ እግራቸውን በእጄ ዳሰስኩ። እብጠቱ ካለቀበት አልፎ፣ ምንም የማይታይበትን ከጉልበታቸው በላይ ያለውን ቆዳ ቀስ ብዬ ስጫነው ጥርሳቸውን ነከሱና የአልጋውን ብረት ጨበጡ።

እዚህ ላይ በቂ ነበር። የመማሪያ መጽሐፉ «ከሚታየው ጋር የማይመጣጠን ሕመም» የሚለው ምልክት ማለት ይህ ነው። ባለቤታቸው በራሳቸው አነጋገር ነግረውኛል፤ ጣቴም አረጋግጧል። እኔ ግን ስልኬን ከማውጣት ይልቅ ማሽኑን ጎተትኩ።

ሊኒየር ፕሮቡን ነው የምንጠቀመው፤ ሆድ ከሚታይበት ከጠማማው ፕሮብ የተለየ፣ ጫፉ ቀጥ ያለ፣ ጥልቀት የማይሄድ፣ ቅርቡን ግን አጥርቶ የሚያሳይ። መጀመሪያ በደህናው እግር ጀመርኩ። ይህን ልማድ ያስተማሩኝን አመሰግናለሁ፤ የራሱ የታማሚው ሌላኛው እግር ከማንኛውም የመጽሐፍ ሥዕል የተሻለ ማነጻጸሪያ ነው። ከላይ ቆዳው እንደ ነጭ መስመር ይታያል፤ ከሥሩ ጠቆር ያለ ስብ፣ ከዚያ ደማቋ ቀጭን የፋሺያ መስመር፣ ከዚያ ባለሰንበሩ ጡንቻ። ሁሉም በየቦታው ነው። ወደ ቀኙ ስሻገር ስቡ ወፍሯል፤ በስቡ እንክብሎች መካከል ፈሳሽ ገብቶ ለያይቷቸዋል። ኮብልስቶን የምንለው መልክ ነው፤ ኮብልስቶን በተነጠፈበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ይህ ብቻውን ብዙም አይናገርም፤ ተራ የቆዳ ኢንፌክሽንም፣ የልብ ድካም ያመጣው እብጠትም ይህንኑ ያሳያል። ጥልቀቱን ጨምሬ ወደ ፋሺያው ወረድኩ። ነጯ መስመር ወፍራለች፤ ጠርዟ ደብዝዟል። ከላይዋ ተኝቶ መስመሩን የሚከተል ጥቁር ፈሳሽ አለ። ምስሉን አስቁሜ ለካሁት፤ ከ6 ሚሊ ሜትር ትንሽ ያልፋል። ፕሮቡን ወደ ላይ ስገፋው ፈሳሹም አብሮ ቀጠለ፤ ጉልበታቸው ጋ ስደርስ ከፈሳሹ ጠርዝ ደማቅ ነጥቦች ታዩኝ፤ ከሥራቸው የቆሸሸ ግራጫ ጥላ የሚጥሉ። አየር ነው። የአልትራሳውንድ ድምፅ አየር ሲያጋጥመው አያልፍም፤ ይመለሳል፤ ከሥሩ ያለውንም ይጋርዳል። በዚያ ቦታ አየር የሚያስገባ ቁስል የለም። የሠራው ባክቴሪያው ነው ማለት ነው።

ይህን ካየሁ በኋላም ፈሳሹን ደጋግሜ ለካሁት። በሽታውን ተጠራጥሬ አልነበረም። ለስልኩ ድፍረት እያጠራቀምኩ ነበር።

ቀዶ ሐኪሙ በእንቅልፍ ድምፅ «ሲቲ ተነሥቷል?» አለኝ። ሲቲ ስካኑ ሌሊት እንደማይሠራ እሱም ያውቃል፤ ጥያቄው ከልማድ ነው። «አልተነሣም ዶክተር። ፋሺያው ላይ ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ፈሳሽ አለ፤ አየርም አለው። ከባት ተነሥቶ ጉልበት አልፏል» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «ኦአሩን አስነሣ፣ እየመጣሁ ነው» አለ። መጥቶ ገና ወደ ኦአር፣ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍሉ፣ ሳይገቡ፣ አካባቢውን በማደንዘዣ መርፌ አደንዝዞ እስከ ፋሺያ ድረስ አጠር ያለ ቅድ ቀደደ። መድማት የነበረበት ስብ አልደማም። መግል አልወጣም፤ የወጣው ቀጭን፣ ድፍርስ ግራጫ ፈሳሽ ነው፤ ሽታው ክፍሉን ሞላው። ጣቱን ሲያስገባ ተጣብቆ መኖር የሚገባው ነገር ያለ አንዳች ትግል ተላቀቀለት። ምርመራ ሁሉ እዚያ አበቃ። ግንበኛው ተደጋግመው ኦአር ገቡ፤ ቆዳ ከሌላኛው ጭናቸው ተወስዶ ተለጠፈላቸው። እግራቸው አልተቆረጠም። ኢንሱሊን መውጋት ከባለቤታቸው ጋር ተምረው ወጡ።

ሁሉም አመሰገነኝ። ማሽኑም ተመሰገነ። እኔን ግን አንድ ነገር ይከነክነኝ ነበር። ያን ሌሊት ስክሪኑ ላይ ያየሁትን ሁሉ የግንበኛው ባለቤት ቀድማ ነግራኛለች። እሷ ያለችውን ይዤ ብደውል ቀዶ ሐኪሙ ላይመጣ ይችል ነበር፤ ወይም እኔ አልደውልም ነበር። ሰውየውን የሠላሳ ዓመት ትዳር ያህል የምታውቀው ሴት ቃል አልመዘነም፤ 6 ሚሊ ሜትር ግን መዘነ። ማሽኑ የሠራልኝ ትልቁ ሥራ የእሷን ምስክርነት ቀዶ ሐኪም ወደሚቀበለው ቋንቋ መለወጥ ነው። ጠቃሚ ሥራ ነው፤ አላቃልለውም። ነገር ግን የመጀመሪያው ምስክር ማን እንደነበር ከረሳሁ ፕሮቡን በሚቀጥለው ጊዜ ማን ላይ እንደማሳርፍ አላውቅም።

ስለ ሚሊ ሜትሩ ካነሣሁ ከየት እንደመጣ ልናገር። እ.ኤ.አ. በ2002 የታይዋን ሐኪሞች በዚህ በሽታ የተጠረጠሩ 62 ሕሙማንን በአልትራሳውንድ አይተው ነበር። የስቡ መወፈርና በፋሺያው ላይ ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነ ፈሳሽ ሲገኝ፣ በሽታው ካለባቸው ወደ 88 በመቶውን ያገኛል፤ ከሌለባቸው ደግሞ ወደ 93 በመቶውን በትክክል የለባቸውም ይላል ብለው ጻፉ። እኛ በየትምህርቱ የምንጠቅሰው 4 ሚሊ ሜትር መነሻው ይህ ነው። አንድ ሆስፒታል፣ 62 ሰው። ቁጥሩን ለቀዶ ሐኪም ስናገር የምኮራበትን ያህል፣ ከ100 ታማሚዎች 12ቱ እንደሚያመልጡት አስታውሳለሁ። አየሩም ቢሆን የሁሉም ባክቴሪያ ሥራ አይደለም። በስኳር ሕሙማን ላይ እንደሚታየው ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ ተደባልቆ ሲገባ አየር ይበዛል፤ ስትሬፕቶኮከስ ብቻውን ሲገባ ግን ጤነኛውን ወጣት ያለ አንዲት የአየር ነጥብ ሊገድለው ይችላል። ሌሎቹ መመዘኛዎችም እንዲሁ ናቸው። ሲንጋፖሮች እ.ኤ.አ. በ2004 ከስድስት የደም ምርመራዎች ነጥብ የሚሰጥ ዘዴ አውጥተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ብዙ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ የተለመደው መቁረጫ ነጥብ ከታማሚዎቹ ሲሶውን ያህል ሳያገኝ እንደሚያሳልፍ ታየ። በዚያው ጥናት ትኩሳት የነበረባቸው ከግማሽ በታች ናቸው፤ ደም የቋጠረ ቆዳ የታየው ከአራቱ በአንዱ ብቻ ነው። የእኔ ግንበኛ ትኩሳት አልነበራቸውም ብዬ መገረሜ እንግዲህ አለማንበቤን እንጂ ሌላ አያሳይም።

ስለዚህ ዛሬ ስክሪኑ «አለ» ሲለኝ አምነዋለሁ፤ እሮጣለሁ። «የለም» ሲለኝ ግን አመሰግነውና ወደ ታማሚው እመለሳለሁ።

በተራው የዕለት ሥራ ማሽኑ የሚሰጠው ጥቅም ግን ከዚህ ሁሉ ይሰፋል። ቆዳው ላይ ቅላትና እብጠት ብቻ የሚታይበት ሰው ከሥሩ መግል ቋጥሮ ይሆን? በእጅ ዳስሶ ማወቅ ከምናስበው በላይ ከባድ ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ጥናት 126 እንዲህ ያሉ ሕሙማን በአልትራሳውንድ ሲታዩ፣ በ71ዱ ላይ ሐኪሙ ሊያደርግ ያሰበው ሕክምና ተለውጧል፤ ሊቀደድ የነበረው ሳይቀደድ ቀርቷል፤ በኪኒን ሊሸኝ የነበረው መግሉ ተገኝቶበታል። ልጆች ደግሞ አሉ፤ ቆዳቸው ምንም ሳይሆን ጭን ወይም መቀመጫ ጡንቻቸው ውስጥ መግል የሚቋጥሩ፤ እያነከሱ ይመጡና «ወድቆ ነው» ይባላል። ፕሮቡን ትንሽ ጫን ስታደርገው መግሉ ስክሪኑ ላይ ሲንቀሳቀስ ታየዋለህ። የቆሰለና የሚያም እጅ ከሆነ ሳፋ ውስጥ ውሃ ሞልተን እጁን እናስነክረዋለን፤ ፕሮቡ ውሃው ውስጥ ሆኖ ቆዳውን ሳይነካ ያያል። ጄል ያለቀ ቀን ይህ ዘዴ አንጀት ያርሳል። አንድ ነገር ደግሞ ለኢንተርኖች ሳልነግር አላልፍም፤ ብሽሽት ላይ ያለ «እባጭ» ከመቅደዳችሁ በፊት የደም ፍሰት የሚያሳየውን ዶፕለር አብሩ። የሚመታ የደም ሥር እብጠት ሆኖ ቢገኝ በቢላዋ የነካው ሰው መመለሻ የለውም።

ብዙ ያሰብኩበት ግን ሌላ ነው። መጽሐፎቻችን የተጻፉት ለነጭ ቆዳ ነው። «ቅላት» የሚለው ቃል በየገጹ አለ፤ በጥቁርና በጠይም ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ አንዳንዴ ጠቆር ማለት ነው፤ አንዳንዴ ማብረቅረቅ ብቻ ነው፤ አንዳንዴም በማታ አምፖል ጭራሽ አይታይም። «ቅላት የለውም» ተብሎ ካርድ ላይ የተጻፈ ብዙ እግር አይቻለሁ። ማሽኑ ግን የቆዳ ቀለም አይመርጥም፤ ፈሳሽ በሁሉም ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ለእኛ አገር ሐኪም ይህ ብቻውን ፕሮቡን ለማንሣት በቂ ምክንያት ነው።

ሕመሙም እንዲሁ ነው። «ከሚታየው ጋር የማይመጣጠን ሕመም» ሲል መጽሐፉ የሚጮኽ ሰው ያስባል። የኛ ሰው አይጮኽም። ገበሬው ሲጠይቁት «ትንሽ ይጠዘጥዘኛል» ይላል፤ የወለደች ሴት «ቻልኩት» ትላለች፤ ወንድ ልጅ አያለቅስም ተብሎ ያደገው ወጣት ከንፈሩን ነክሶ ይተኛል። ከዜሮ እስከ አሥር ቁጥር ስጡ ብንላቸው ትሕትና የተጨመረበት ቁጥር ይሰጡናል። እኔ አሁን የምጠይቀው አስታማሚውን ነው፤ «ከዚህ በፊት እንዲህ ሲታመም አይተኸዋል ወይ?» እላለሁ። እንቅልፉን እጠይቃለሁ። ከመጣ ወዲህ ምን ያህል ጊዜ እንደተገላበጠ፣ ብርድ ልብሱ እግሩን እንዳይነካው ገልጦት እንደሆነ አያለሁ።

ማሽኑ በራሱ የሚሳሳትበት የእኛው አገር ነገርም አለ። ዝሆኔ ያለባቸው ሰዎች ይመጣሉ። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣውን ዓይነት ፖዶኮኒዮሲስ ብሎ የሰየመው ኤርነስት ፕራይስ የተባለ ሐኪም ነው፤ አገራችን ክፉኛ ከተጎዱት አንዷ ናት። የእነዚህ ሰዎች እግር በደህናው ቀንም ስቡ የወፈረ፣ ፈሳሽ የሞላው ነው። ትኩሳትና ሕመም ሲነሣባቸው ፕሮብ ብታሳርፍ ኮብልስቶኑን ከላይ እስከ ታች ታያለህ፤ ሌላኛው እግርም ታሞ ከሆነ የምታነጻጽርበት የለህም። ብዙ ጊዜ በአንቲባዮቲክ፣ በማጠብና እግርን ከፍ አድርጎ በማሳረፍ የሚያልፍ ሕመም ነው። ከታይዋን የመጣው 4 ሚሊ ሜትር እዚህ እግር ላይ ምን ያህል እንደሚሠራ ማንም እንዲያሳምነኝ አልጠብቅም። እዚህ ላይ የምይዘው ፋሺያው ላይ ያለውን፣ አየሩን፣ ከሁሉም በላይ በሰዓታት ውስጥ የሚለወጠውን ነው።

በሰዓታት ውስጥ የሚለወጠውን ማየት ያስተማረችኝ ሲስተር ናት፤ ድንገተኛ ክፍል ከኔ በፊት የገባች፣ ብዙ የማትናገር። አንዲት መምህርት ክንዷን አሟት መጣች። ኩሽና ውስጥ ጣቷን ቢላዋ ነክቷት ነበር። ፕሮቡን አሳረፍኩ፤ ስቡ ትንሽ ወፍሯል፣ ፋሺያው ላይ ፈሳሹ ከ2 ሚሊ ሜትር አያልፍም፣ አየር የለም። ልቤ ቀለል አለው። ቀዶ ሐኪም መቀስቀስ የለም ማለት ነዋ! ሴፍትሪያክሶን ጀምረን ጠዋት እናያታለን አልኩ። ሲስተር አልተከራከረችኝም። ከኪሷ እስክሪብቶ አውጥታ እብጠቱ ያቆመበትን በክንዷ ዙሪያ አሠመረች፤ ከመስመሩ ጎን ሰዓቱን ጻፈች። ከዚያ «ዶክተር፣ ሞርፊን ሰጥቻት እንኳ አልተኛችም» ብላኝ ሄደች።

ቡና ልጠጣ ወጥቼ ስመለስ እብጠቱ መስመሩን አልፎ ነበር። ዳግመኛ ፕሮብ ሳሳርፍ ፈሳሹ ጨምሯል፤ አየር አሁንም የለም። የደወልኩት ያኔ ነው፤ የነገርኩትም የስክሪኑን ብቻ ሳይሆን የእስክሪብቶውን ነው። መምህርቷ ያን ሌሊት ኦአር ገባች፤ ከቁስሏ ያደገው ስትሬፕቶኮከስ ነበር። ቀዶ ሐኪሙ በኋላ «ጥሩ አልትራሳውንድ ነው ያየኸው» አለኝ። እስክሪብቶው የሲስተር መሆኑን ነገርኩት፤ የሰማኝ አልመሰለኝም።

ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያ ምርመራዬ ንጹሕ ከሆነ ማሽኑን ወደ ጥግ አልገፋውም። አሠምርና ሰዓት እጽፋለሁ፤ ሁለተኛ ምርመራውን ለማን እንደማስረክብ ካርዱ ላይ አሰፍራለሁ። ተረኞች የሚቀያየሩበት ሰዓት ነው አደጋው፤ «አልትራሳውንዱ ክሊር ነው» የምትል አጭር ዓረፍተ ነገር ከአንዱ ወደ ሌላው ስትተላለፍ በየእጁ እየጠነከረች ትሄዳለች። በሦስተኛው ሐኪም ዘንድ በሽታው የለም ማለት ሆና ታርፋለች።

አንድ የምከራከርበት ጉዳይ አለኝ። አንዳንድ ባልደረቦቼ ቀዶ ሐኪሙ ዝግጁ ሆኖ ኦአር በር ላይ ሲጠብቅ እንኳ «እስቲ አንዴ ልየው» ብለው ፕሮብ ያነሣሉ። ገባኝ፤ ማየት ያስደስታል፤ ያልሠለጠነ ዓይን የማያየውን ማየት ደግሞ የበለጠ። እኔም ምስሉን ቀርጾ ለማስተማሪያ ማስቀረት ያጓጓኛል። ነገር ግን ቆዳው የጠቆረበት፣ ሲጫኑት አየሩ የሚንኮሻኮሽ፣ ግፊቱ የወደቀ ሰው አልትራሳውንድ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ፈሳሽ፣ አንቲባዮቲክና ቢላዋ ነው። ማሽኑ የተፈጠረው ለጥርጣሬ ሰዓት ነው።

ይህን በምጽፍበት ሰሞን ሊኒየር ፕሮባችን ገመዱ ተልጦ ጥገና ሄዷል። መቼ እንደሚመለስ የሕክምና መሣሪያ ክፍሉን ጠይቀን «መለዋወጫ እየተጠበቀ ነው» ተብለናል። ታማሚዎች ግን ፕሮብ እስኪጠገን አይጠብቁም። በቅርቡ አንድ ሹፌር ጭኑ አብጦ መጣ። ስኳር አለበት፤ ሌሊቱን አልተኛም፤ ረዳቱ «ወንድሜ ነው፣ እንዲህ ሲሆን አላውቅም» አለኝ። በጠማማው ፕሮብ ሞከርኩ፤ ጥልቅ የሆነ ጥቁር ነገር ታየኝ፤ ፋሺያው ላይ ይሁን ጡንቻው ውስጥ መለየት አቃተኝ። አሠመርኩ፤ ጠበቅኩ፤ መስመሩን አለፈ። በቁጥር የምናገረው ሳይኖረኝ ደወልኩ። «አልጣመኝም፤ መጥተህ እይልኝ» ብቻ ነው ያልኩት።

መጣ። ቀደደው። ፋሺያው ጤነኛ ነው፤ ስቡ ደማ። ከጡንቻው ውስጥ ግን መግል ወጣ፤ የኩላሊት ቅርጽ ያለውን የሕክምና ሳህን ሞልቶ የተረፈ ተራ ወፍራም መግል። ቀዶ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ «ለእባጭ ነው እንዴ የቀሰቀስከኝ?» አለኝ። «አዎ፣ ለእባጭ ነው» አልኩት። ጠዋት ራውንድ ላይ ተነሥቶብኝ ተሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ሹፌሩ ቁርሱን እየበላ ነበር።